የኡሙልኸይር መታጠቢያ

ሮቢ ሰይድ ደሴ ሳለ ስሙ የሚነሳው በወለል ነበር። ሸዋ በርም ይሁን ሆጤ፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ግድግዳውን ለፈለገው ይሰጥና ለሊሾው ሮቢን ያስጠራል። እሱም ሲሚንቶውን አልብሶ፣ ፊት እስኪያሳይ አለስልሶ ሲጨርስ የማይቀር ልማድ ነበረው። አንድ ባልዲ ውሃ ያስመጣና ባለቤቶቹ ፊት ወለሉ ላይ ቸልሶ እጁን አጣጥፎ ይቆማል። ውሃው ግራ ቀኝ ሳይል ወደ መውረጃው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያኔ ሮቢ ደረቱን ነፍቶ "ውሃ እኔ ያልሁትን ይሰማል" ይላል። ጉራ ነች፤ ግን ሁልጊዜ ከሥራው በኋላ ስለምትመጣ ሰው ይታገሣት ነበር።

አሜሪካ፣ ሲያትል ግን ሊሾ የሚፈልግ አልተገኘም። በስደት የመጣው ሮቢ ኬንት ካለ መጋዘን ገብቶ ካርቶን ሲያነሳ፣ ካርቶን ሲጥል ዓመታት አለፉ። ሚስቱ መዲና ኖርዝጌት ልብስ መሸጫ ውስጥ ትሠራለች። ሁለቱ ተጋግዘው በደቡብ ሲያትል አንድ ያረጀ ባለ ፎቅ ቤት ገዙ። ፎቅ ሲባል ታዲያ እንጨት በእንጨት ላይ ነው። ሮቢ መጀመሪያ ቀን ገብቶ ሲራመድ ወለሉ ከእግሩ ስር ድም ድም ሲልበት ቆም አለና፣ "ይሄ ቤት ነው ወይስ ከበሮ?" አለ። መዲና ሳቀች። እሱ ግን ከልቡ ነበር፤ ከስሩ ድንጋይ የሌለውን ወለል እግሩ አምኖት አያውቅም።

በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት የበጋ ወራት እናቱ ኡሙልኸይር ከደሴ መጣች። ኡሙልኸይር ዕድሜዋን ሙሉ ቅመም ስትነግድ የኖረች፣ ባሏ ከሞተ በኋላ የሰው እጅ ያላየች ሴት ናት። ግን ከመምጣቷ በፊት በነበረው ክረምት የቤቷ የድንጋይ ደረጃ አዳልጧት ዳሌዋ ተሰብሮ፣ ከዚያ ወዲህ ያለ ምርኩዝ አትራመድም። ሮቢ አጠገቧ የሚሆን ሰው እንደሌለ ሲያስበው እንቅልፍ እያጣ ነው ላይ ታች ብሎ ያስመጣት።

ሁሉም ነገር ተመቻት። አልጋው ተመቻት፣ መዲና ተመቸቻት፣ በጋው ሲያልፍ የጀመረው የማያባራ ዝናብ እንኳ "የወሎን ክረምት ነው የሚመስለው" ተብሎ ተመረቀ። ያልተመቻት አንድ ነገር ብቻ ነው። የመታጠቢያው ባኞ።

የባኞው ጠርዝ ከጉልበቷ በላይ ነው። ያ የተሰበረ ዳሌ ያንን አያሻግርም። ስለዚህ መዲና ከሥራ ስትመለስ በብብቷ ስር ይዛ፣ አንስታ፣ አስገብታ፣ አጥባ ታወጣታለች። ለሶላት ደግሞ ውዱእ፣ የእጅ የፊትና የእግር መታጠብ፣ አለ፤ እግር ወደ መታጠቢያ ሳህን አይነሳ ነገር፣ መዲና ተንበርክካ በጆግ ታፈስላታለች። መዲና ሥራ ላይ ስትሆን አሮጊቷ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሮቢም ቢሆን የእናቱን እግር ማጠብ ደስታው ነበር፤ እሷ ግን አሻፈረኝ አለች። አንድ ቀን እራት ላይ ሳለች፣ ሳትቆጣ፣ ድምጿንም ከፍ ሳታደርግ እንዲህ አለች፦

"ሰውን ሰው የሚያጥበው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሲወለድና ሲሞት። ስወለድ አላየሁ፣ ስሞትም አላይ። በመሐሉ ግን ዐይኔ እያየ አልታጠብም።"

"እማዬ፣ እኔ እኮ ደስ እያለኝ ነው" አለች መዲና።

"አውቃለሁ ልጄ። ነውሩ ካንቺ አይደለም፤ ከኔው ነው።" ወደ ሮቢ ዞረች። "ረመዳን ሲገባ በገዛ እጄ ታጥቤ፣ በሬን ዘግቼ የማልሰግድ ከሆነ ደሴ መልሰኝ።"

ኡሙልኸይር አንድን ነገር ሁለቴ አትናገርም። ሻንጣዋም ገና ከመጣች ጀምሮ አልተፈታም፤ ልብሷን እያወጣች ለብሳ፣ አጥፋ ትመልስበታለች። ሮቢ ደግሞ ደሴ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ ያ የድንጋይ ደረጃ፣ ባዶ ቤት፣ የጎረቤት በጎ ፈቃድ። እናቱን መመለስ ማለት ዳግመኛ ስትወድቅ የሚያነሳት በሌለበት መጣል ነው። ሮቢ ወዲያው፣ "ባኞው ይነቀላል" አለ። "ወለል እሠራልሻለሁ። እንደ ደሴው።"

መዲና ባለሙያ እናስመጣ ብትል፣ "እኔ እያለሁ?" ብሎ አፏን አስያዛት።

መጋዘን ውስጥ አብሮት የሚሠራ ዱሬሳ የሚባል የነቀምቴ ልጅ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ጠጋኞች ጋር አናጢነት ይሠራል፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ይዘምራል፤ በቀሩት ቀኖች ደግሞ ያወራል። ሮቢ ሐሳቡን ሲነግረው ካርቶኑን አስቀመጠ።

"ሶ፣ ከስሩ ምን ልታደርግ ነው?"

"ሲሚንቶ ነዋ።"

"ኖ፣ ኖ። ሮቢ፣ ይሄ አገር ቤቱ እንጨት ነው። ከሲሚንቶው በታች ወፍራም ላስቲክ ይነጠፋል። አለበለዚያ ሊክ ያደርጋል፣ ያፈሳል።"

ሮቢ ሳቀበት። "ላስቲክ የሚነጠፍ ለሕፃን አልጋ ነው። የኔ ሲሚንቶ ሽንቱ አያመልጠውም።"

ዱሬሳም ሳቀ። ከሁለቱ ሳቅ የትኛው እንደሚቆይ ያኔ ማንም አላወቀም።

ሮቢ በዕረፍት ቀኖቹ ባኞውን ነቀለ። እንጨቱ ላይ ቀጭን ወረቀትና ሽቦ ዘረጋ፣ አሸዋና ሲሚንቶ በእጁ አቦካ፣ ውሃ ልኩን አሥር ጊዜ እያስቀመጠ አሥር ጊዜ እያነሳ ወለሉን ከአራቱም ማዕዘን ወደ መውረጃው አዘቀዘቀው። ከላዩ ትንንሽ ነጭ ሴራሚክ ለጠፈበት። መግቢያው ላይ ያለችውን እርከን እግር ብዙ ሳይነሳ የሚሻገራት ዝቅ ያለች አደረጋት። ከስንት ዓመት በኋላ እጁ ሲሚንቶ ሲነካ ሰውነቱ ሁሉ የታደሰ መሰለው፤ መዲና ከታች ሆና ሲያንጎራጉር ትሰማው ነበር። ሲጨርስ እናቱንና ሚስቱን ጠርቶ አንድ ባልዲ ውሃ ቸለሰ። ውሃው ግራ ቀኝ ሳይል ሄደ።

"ውሃ እኔ ያልሁትን ይሰማል!"

ኡሙልኸይር ፕላስቲክ በርጩማዋን፣ ጆጓንና ሳሙናዋን ይዛ ገባች። ከዚያ በሩ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። ሮቢና መዲና ደረጃው ላይ ቆመው ተያዩ። ከውስጥ ውሃ ሲፈስ፣ ቆም ሲል፣ ደግሞ ሲፈስ ተሰማ። ቀጥሎም የአሮጊቷ ዜማ መጣ፤ ወጣት ሆና መንዙማ ቤት የተማረችውን። መዲና ዐይኗ እንባ አቀረረ። ሮቢ ግን የኮራው ኩራት ለእንባ ቦታ አልሰጠውም።

ደስታው ግን ዕድሜ አልነበረውም። ኡሙልኸይር የምትታጠበው እንደ ፈረንጆቹ ብቅ ጥልቅ እያለች አይደለም። ተቀምጣ፣ እያፈሰሰች፣ እያሸች፣ ለእያንዳንዱ ሶላት ደግሞ ለብቻው። ወለሉ የሚደርቅበት ፋታ የለውም። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ከመታጠቢያው ስር ባለው ወጥ ቤት ኮርኒስ ላይ የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ቡናማ ምልክት ታየች።

"ዝናቡ ነው" አለ ሮቢ ገና መዲና አፏን ሳትከፍት።

"ሮቢ፣ ከወጥ ቤቱ በላይ ጣሪያ የለም። መታጠቢያው ነው ያለው።"

"የሲያትል ዝናብ የማይገባበት የለም።"

ምልክቷ አደገች፤ የድስት ክዳን አከለች። ሮቢ አንድ ቀን ወንበር ላይ ወጥቶ ነጭ ቀለም ቀባት። እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ሌላ ሰው ቢሠራው ስሙን አጥፍቶ አጥፍቶ አይጠግብም ነበር፤ ራሱ ሲሆን ግን እያፏጨ ቀባ። ዘወር ሲል እናቱ በሩ ላይ በምርኩዟ ተደግፋ ወደ ላይ ታያለች። ምን እንደሆነ አልጠየቀችም። እሱም አልነገራትም።

ከዚያ ቀን በኋላ ኮርኒሱ ረጋ። ምልክቷ አልተመለሰችም። ሮቢ መዲናን በየዕለቱ ወደ ላይ እያሳየ "አላልሁም?" ሲላት ሰነበተ። የመታጠቢያው ዜማ መጥፋቱን፣ በሩ ቢዘጋም ውሃ የማፍሰስ ድምፅ አለመኖሩን ልብ አላለም። ደስ ያለው ሰው ጆሮው ይደፈናል።

ነገሩን ያወቀው መጋዘኑ መብራት ጠፍቶበት ሠራተኛው ቀትር ላይ የተሰናበተ ዕለት ነው። ውጪ ዝናቡ ይወርዳል፤ ሮቢ ከመኪናው እስከ በሩ እንኳ ሳይደርስ በስብሷል። ፎቅ ላይ የእናቱ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። ሊያስቃት ፈልጎ ኮቴውን አጥፍቶ ቢጠጋ፣ ኡሙልኸይር አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጭኗ ላይ ካስቀመጠችው ድንጋይ ላይ ሁለት መዳፏን መታ አደረገች። በመዳፏ ፊቷን ጠረገች። ከዚያ እጆቿን።

ተየሙም። ውሃ ያጣ ሰው፣ ወይም ውሃ የሚጎዳው በሽተኛ፣ በውሃው ፈንታ በአፈርና በድንጋይ የሚያደርገው። ሮቢ ልጅ ሳለ በድርቅ ጊዜ ከቆላ የመጡ መንገደኞች ሲያደርጉት አይቷል። በመስኮቱ ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደ፣ ቤቱ ውስጥ በየጥጉ ቧንቧ እያለ፣ እናቱ ድንጋይ ታቅፋ ተቀምጣለች። በሩን ገፋ አድርጎ ገባ።

"እማ፣ ምነው? ውሃ ጠፋ እንዴ?"

ደንግጣ ድንጋዩን በነጠላዋ ሸፈነች። "ውሃማ ሞልቷል።"

"ታዲያ?"

"ውሃ የሚጎዳው ሰው ይህን ያደርጋል። ተፈቅዷል።"

"አንቺን ምኑ ጎዳሽ?"

"እኔን አይደለም። ቤትህን ጎዳው።" ወደ ወለሉ አየች። "አየሁህ እኮ ሮቢ። የኔን እድፍ በቀለም ስትሸፍን አየሁህ። አንድ ቀን ያ ኮርኒስ መዲና ራስ ላይ ቢወድቅ ምን ይዋጠኝ? ገብቼ በሩን እዘጋለሁ፣ ትንሽ ቁጭ ብዬ እወጣለሁ። ገላዬን በእርጥብ ጨርቅ አብሳለሁ። ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ረመዳን ሲቃረብ ትሸኘኛለህ።"

ሮቢ አሁን ገባው። የገዛ ወለሉን ነውር እናቱ የራሷ ነውር አድርጋ ተሸክማዋለች። ያንን ቀለም ሲቀባ ማፏጨቱ ትዝ አለውና አፈረ፤ ሸሚዙን እንኳ ሳይቀይር ወደ ስልኩ ወረደ።

"ዱሬሳ፣ ላስቲክህን ይዘህ ና።"

ቅዳሜ ጧት ዱሬሳ ከመምጣቱ በፊት ሮቢ መዶሻና መሮ ይዞ ገባ። በሕይወቱ የራሱን ወለል አፍርሶ አያውቅም። የመጀመሪያውን ምት ሲመታ ጥርሱን ነከሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን ቶሎ ቶሎ መታ። ሲሚንቶው ጠንክሮ፣ አምሮ ነበር። ከስሩ ያለው እንጨት ግን ጠቁሯል፤ ጣቱን ሲያሳርፍበት ልክ በእርጎ የተነከረ ዳቦ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። ዱሬሳ በሩ ላይ ቆሞ አየ።

"ልናገር?"

"ተናገር፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ።"

"ብዬህ ነበር።"

"ጨረስህ?"

"ጨረስኩ። ኦኬ፣ መጋዙን አቀብለኝ።"

ፍርስራሹን በባልዲ አወረዱ። ከዚያ ሮቢ ከደረጃው ሥር ቁጭ አለና፣ "ሲሚንቶ ውሃ ይጠጣል" አለ፣ ለዱሬሳ ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር ሰው። "ደሴም እያለሁ ይጠጣ ነበር ማለት ነው። ግን እዚያ ከስሩ ድንጋይና አፈር አለ። የሾለከውን መሬቱ ውጦ ዝም ይላል። ውሃ የሚሰማኝ መስሎኝ ስኮራ የኖርሁት፣ ለካ መሬቱ ነው ገበናዬን ሲሸፍንልኝ የኖረው።"

"እንጨት ግን ሐሜተኛ ነው" አለ ዱሬሳ። "ወዲያው ነው የሚናገረው።"

ሥራውን ተካፈሉት። የበሰበሰውን እንጨት ቆርጦ በአዲስ የተካው ዱሬሳ ነው። ሲሚንቶው ደግሞ የሮቢ ሆነ፤ የዱሬሳ እጅ ሲሚንቶ ሲይዝ ሊጥ የፈራች ሙሽራ ይመስላል። ላስቲኩ ሜዳ ላይ ከተነጠፈ ውሃው ከላዩ ስለሚተኛ፣ ሮቢ መጀመሪያ ስስ ሲሚንቶ አዘቅዝቆ አለበሰ፤ ላስቲኩ የተነጠፈው ከዚያ በላይ ነው። ጠርዙን ግድግዳው ላይ ከፍ አድርገው፣ ማዕዘኑን ሳይቀዱ እንደ አንሶላ አጥፈው፣ ምስማሩን ውሃ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ብቻ መቱ። በሲሚንቶው አልፎ ላስቲኩ ላይ የደረሰ ውሃም መውጫ እንዲያገኝ መውረጃው አንገት ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ እነሱ እንዳይደፈኑ ዙሪያቸውን ጠጠር ይደረጋል። ሮቢ ይህን ሲያይ ራሱን ነቀነቀ። እሱ ውሃ አያልፍም ብሎ ምሎ ነበር የሠራው። የዚህ አገር ሰዎች ደግሞ ማለፉ አይቀርም ብለው መንገድ አበጁለት።

"አሁን ሲሚንቶ?" አለ።

"ቆይ፣ ፈተና አለ። ፍላድ ቴስት እናደርጋለን።" ዱሬሳ መውረጃውን በውታፍ ደፈነ። ላስቲኩ ላይ ንጹህ ውሃ ሞሉበት፤ የሕፃን መዋኛ የምትመስል ትንሽ ኩሬ ሆነች። ዱሬሳ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ውሃው የደረሰበት ላይ መስመር አሰመረ። "ነገ ከቸርች ስመለስ ቼክ እናደርጋለን። ውሃው እዚህ መስመር ላይ ካለ፣ አለቀ። ከወረደ ግን ቀዳዳ አለ፤ ሁሉም ይነሳና እንደገና። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው።"

እንደገና የሚባል ጊዜ እንዳልነበረ ሮቢ ያውቃል። ረመዳን ደርሷል። እናቱ ከቅዳሜ በፊት ስለ ትኬት ጠይቃው፣ "ትንሽ ታገሺኝ" ብሎ ነበር የለመናት። ማንም እንዳይነካው የተባለውን ለመዲና ነገራት። ለእናቱ የነገራት የለም፤ ውሃ የፈራች ሴት ወደ ውሃው ትቀርባለች ብሎ ማን ያስባል?

እሁድ ጧት ከሁሉ በፊት ወጥ ቤት ገባ። ኮርኒሱ ተቀዶ እንጨቱ በግላጭ ይታያል፤ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፎ አድሮ ነበር። ጋዜጣው ደረቅ ነው። እንጨቱን በመዳፉ ነካው፤ ደረቅ ነው። ፊቱ እየበራ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ ወጣ።

ውሃው ከእርሳሱ መስመር ግማሽ ጣት ያህል ወርዷል።

ጎንበስ ብሎ አየ፣ ዐይኑን አሽቶ አየ። መስመሩ ከውሃው በላይ ብቻውን ቆሟል። የሚያደርገው ቢጠፋው ወደ ዱሬሳ ደወለ፤ ዱሬሳም ከነከረባቱ መጣ። ሁለቱም በጉልበታቸው ሆነው ማዕዘኑን ዳበሱ፣ ውታፉን ነካኩ፣ ወጥ ቤት ወርደው እንጨቱን በባትሪ አዩ። ጠብታ የለም።

"ኢቫፖሬት አድርጎ ይሆን? ተኖ?" አለ ዱሬሳ።

"ሲያትል ውስጥ? ፎጣዬ ከሰቀልሁት ሳምንቱ ነው፤ ገና አልደረቀም።"

"ኦኬ። ሶ፣ የሆነ ቦታ ገብቷል። መነሳት አለበት ሮቢ። አይ አም ሶሪ።"

ሮቢ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። አሁን እናቱ ጋ ገብቶ እውነቱን መናገር አለበት። እድፉ ያንቺ አይደለም፣ የኔ ነው፤ ደግሞም አቃተኝ። እንዲህ ሊላት ተነስቶ በሯን አንኳኳ።

ኡሙልኸይር ሰግዳ ጨርሳ መስገጃዋ ላይ ነበረች። ሮቢ ገና አፉን ሲከፍት ቀደመችው።

"መጣህ? መዲናን ጥራልኝና ይህን ባልዲ ትድፋልኝ፤ እኔን ከበደኝ።"

ከአልጋዋ ጥግ ባልዲ ተቀምጧል። ውስጡ ውሃ አለ፤ አጠገቡ ጆግ። የአልጋው ራስጌ ላይ የታጠበ ሻሽ ተሰጥቷል። ድንጋዩ የለም።

"እማ፣ ይህ ውሃ ከየት መጣ?"

የኡሙልኸይር ፊት እንደ ልጅ ሆነ። "ተቆጣህ?"

"አልተቆጣሁም። ንገሪኝ።"

"ትናንት ፀሐይ ስትገባ ለመግሪብ ልሰግድ ስል በሩን ከፈት ባደርገው፣ ውሃው ጸጥ ብሎ ተኝቷል። አይፈስ፣ አይንጠባጠብ፣ የትም አይሄድ። ንጹህ! በርጩማዬን አስጠግቼ ብዙ አየሁት። በድንጋይ መስገድ መሮኝ ነበር ሮቢ። ውሃ ናፈቀኝ።" እጇን ዘረጋች። "በጆግ ቀዳሁ። ወለልህን ግን ጠብታ አላስነካሁትም፤ ባልዲው ላይ ነው የታጠብሁ። ማታ ለኢሻም ቀዳሁ፣ ጎህ ሲቀድ ለሱብሂም ቀዳሁ። ሻሼንም አጠብሁ። ከዚያ ባልዲውን በምርኩዜ ጠልፌ ጎተትሁትና እዚህ አስቀመጥሁት፤ እንዳይፈስብህ ብዬ።"

ሮቢ ባልዲውን አየ። እናቱን አየ። ደግሞ ባልዲውን አየ። ከዚያ ባልዲውን አንስቶ ሮጠ።

"የታጠብሁበት እኮ ነው! ምን ሊያደርግልህ?" እያለች በምርኩዟ ተከተለችው።

ዱሬሳ ላስቲኩን ለመቁረጥ ቢላ ይዞ ተንበርክኳል። "እጅህን አንሳ!" ብሎ ጮኸበት ሮቢ። በርጩማዋ ከነበረችበት ቦታ ተንበርክኮ ባልዲውን በቀስታ፣ ጠርዙን እየደገፈ፣ አዘነበለ። ሻሽ የታጠበበት፣ እግር የታጠበበት፣ ሦስት ሶላት የተሰገደበት ውሃ ወደ ኩሬው ተመለሰ። ውሃው ተነሳ። ትንሽ ዋዠቀ፣ ቀስ እያለ ረጋ።

ልክ እርሳሱ መስመር ላይ።

"ሃሌሉያ!" አለ ዱሬሳ።

"አልሐምዱሊላህ!" አለች ኡሙልኸይር፤ ለምን እንደምታመሰግን ግን ገና አልገባትም። ሮቢ ሲነግራት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ሮቢ አብሯት ሊስቅ ጀምሮ መሐል ላይ ድምፁ ተሰበረበት። ባዶ ባልዲውን ታቅፎ እናቱ እግር ስር ተቀምጦ አለቀሰ። ዱሬሳ ከረባቱን ማስተካከል የጀመረው ያኔ ነው፤ የሚስተካከል ነገር ግን አልነበረውም።

"እድፉ ያንቺ አልነበረም እማ" አለ ሮቢ። "የኔ ሥራ ነው። ቀለሙንም የቀባሁት አፍሬ ነው።"

"አሁን ነው የምትነግረኝ?" ምርኩዟን በቀስታ ትከሻው ላይ አሳረፈች። "ድንጋይ አሳቅፈኸኝ ከርመህ?"

ከዚያ በኋላ ያለው የሮቢ ሙያ ነው። ጠጠሩ ተደረገ፣ ሲሚንቶው ተዘቅዝቆ ተለበሰ፣ ነጭ ሴራሚክ እንደገና ተለጠፈ፣ የወጥ ቤቱም ኮርኒስ በአዲስ ተተካ። ሲያልቅ ሮቢ አንድ ባልዲ ውሃ ቸለሰ፤ ውሃውም ቀጥ ብሎ ሄደ። መዲና ያቺን የጉራ ቃል ብትጠብቅ ሮቢ ባልዲውን ደፍቶ አስቀመጠ።

"ምነው? አትልም?" አለችው።

"እሱ ይናገር" አለ ወደ ታች፣ ወደ ወጥ ቤቱ ኮርኒስ አቅጣጫ በአገጩ እያሳየ።

የረመዳን ጨረቃ ነገ ትታያለች በተባለበት ዕለት ኡሙልኸይር በርጩማዋን፣ ጆጓንና ሳሙናዋን ይዛ ገባች። በሩ ተዘጋ፤ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። ሮቢ እንደዋዛ ወደ ወጥ ቤት ወረደና ከአዲሱ ኮርኒስ ስር አንገቱን ወደ ላይ አቅንቶ ቆመ። ከላይ ውሃ ይፈሳል። ይቆማል። ደግሞ ይፈሳል። መዲና ባዶ ሻንጣ ይዛ በአጠገቡ አለፈች።

"የማን ነው?"

"የእማዬ። ልብሷን ጧት ቁም ሳጥን ውስጥ አሰቀለችኝ። ይሄን ምድር ቤት አስቀምጪልኝ አለች።"

ሮቢ ሻንጣውን ተቀብሎ ያዘ። ዐይኑ ግን ከኮርኒሱ አልተነቀለም። ኮርኒሱ ነጭ ነው፣ ደረቅ ነው። በዚህ መሐል ከላይ ዜማው ጀመረ፣ ሞቅ አለ፣ ድንገት ተቋረጠ።

"ሮቢ!" አለ ድምጿ በእንጨቱ ውስጥ አልፎ።

"አቤት እማ! ምን ሆንሽ? ልምጣ?"

"እንዳትመጣ! ከስሬ ቆመህ እንደሆን ውጣ ልልህ ነው። ልታጠብበት!"

ሮቢ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ከኋላው ውሃው እንደገና መፍሰስ ጀመረ።